ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የጠራኋት

እመኑኝ፣ እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲነሳ «ጨዋታ ቀይሩ» የምል ሰው ነበርኩ። ሚስቴ የሺ ከእናቷ የወረሰችው አንድ ሕግ አላት፤ ፊቱን ያላየኸው ሰው በስምህ ሲጠራህ «አቤት» አትበል፣ መጀመሪያ ማን እንደሆነ እይ ትላለች። ከተጋባን ጀምሮ በዚህ ስስቅባት ኖሬያለሁ፣ ከጓዳ ስትጠራኝ ሆን ብዬ ዝም እላትና ተናዳ ስትመጣ «ምን ላድርግ፣ ሰይጣን መስለሽኝ እኮ ነው» እላታለሁ። ስለዚህ እናንተም ብትስቁብኝ አልፈርድባችሁም።

መጀመሪያ ግን ስለ ልጄ ልንገራችሁ፣ ስለ እሷ ሳላወራ ማለፍ እንደማይሆንልኝ የሚያውቀኝ ሁሉ ያውቃል። ቤተልሔም ትባላለች፣ የአየር ኃይል መኮንን ናት፣ ሌተናንት፣ የምትሠራውም ከዚህ ርቆ በሰሜን በኩል፣ ዳር በሌለው ሜዳ ሥር፣ የኑክሌር ሚሳኤሎች የሚታዘዙበት ክፍል ውስጥ ነው። አዎ፣ በትክክል አንብባችኋል። እዚህ አገር የቤተሰብ ስም ሆኖ የሚያገለግላት የእኔው ስም ስለሆነ ዩኒፎርሟ ላይ የተሰፋው «በለጠ» ይላል፣ አለቆቿም «በለጠ» እያሉ ነው የሚጠሯት። እኔ ሳን ሆዜ የከተማ ባቡር ጋራዥ ውስጥ ፍሬን ስጠግን ስሜን አስተካክሎ የሚጠራኝ አንድ ሰው የለም፣ እዚያ ግን ስሜ ሰላምታ ይሰጠዋል። ታዲያ ባልኮራ ነው የሚገርመው።

ዩኒየን ሲቲ የሚኖር ተፈራ የሚባል ጓደኛ አለኝ፣ ከቅዳሴ በኋላ ባገኘኝ ቁጥር «ያቺ የቤት ቁልፍ እየጣለች እኛ ቤት ስትጠብቅህ የምታመሸው ልጅ ናት የሚሳኤል ቁልፍ የያዘችው? በል እንጸልይ!» እያለ ያበሽቀኛል። እውነቱን ነው፣ ሃይስኩል እያለች ቁልፍ አይበረክትላትም ነበር። እኔም ከሥራ አቋርጬ እየሄድኩ በር ከፍቼላታለሁ።

ለፋሲካ እረፍት የመጣች ጊዜ ወጥ ቤት ቁጭ ብለን ሥራዋን አስረዳችኝ።

«ዳድ፣ ሁሉም አንድ ቦታ አይደለም ያለው» አለችኝ። «ሦስት ቦታ ነው። ቦምብ ጣዮቹ አየር ላይ፣ ሰብማሪኖቹ ውሃ ውስጥ፣ እኛ ደግሞ መሬት ውስጥ። አንዱን ቢመቱት ሌላው አለ፣ ሶ ማንም አይሞክርም። የምንቀመጠው እንዳይተኮስ ነው።»

«አንቺ አንድ ቀን ብትናደጂስ?»

«ብቻዬን ምንም ማድረግ አልችልም። ሁልጊዜ ሁለት ሰው ነው። ቁልፉ ሁለት ነው፣ አንድ ሰው እጁን ዘርግቶ ሁለቱንም አይደርስባቸውም። ትእዛዝ ሲመጣ ሁለታችንም ቼክ እናደርጋለን፣ ትክክለኛ ካልሆነ መልስ የለም። በሩን እንኳ ብቻዬን አልከፍትም።»

የሺ ከምድጃው ዞር ብላ «ይኸው! እኔ ስለው የኖርኩት ምንድን ነው?» አለች።

«እማ፣ ሊትራሊ ያንቺ ሕግ ነው» ብላ አቀፈቻት፣ እኔም ከሁለት ወገን ተሸነፍኩ።

እንግዲህ ነገሩ የሆነው በመስከረም፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። እኛ ካለንበት ከሄይዋርድ በላይ ካሉት ኮረብቶች በአንዱ፣ ድሮ ከሶቪየቶች ጋር በተፋጠጡበት ዘመን የጠላት አውሮፕላን የሚመታ ሚሳኤል ይቀመጥበት የነበረ ቦታ አለ፣ አሁን የቀረው የተሰነጣጠቀ የሲሚንቶ ወለልና ሁለት የተበየዱ የብረት ክዳኖች ናቸው። ልጄ ተረኛ ስትሆን እዚያ መውጣት ልማዴ ነው፤ ከመሬት በታች ስልክ ይዘው ስለማይገቡ ላገኛት አልችልም፣ እና ያ ቦታ የእሷን ይመስለኛል። የሞኝ ነገር ነው፣ ግን አባት ነኝ።

ፀሐዩ ገና አልበረደም ነበር። መጀመሪያ ላሞቹ ናቸው ያስደነገጡኝ፣ ሲግጡ ቆይተው ሁሉም ባንዴ ቀና አሉና ወደ ክዳኑ ያዩ ጀመር። ቀጥሎ ከጫማዬ ሥር፣ ማቀዝቀዣ በሌሊት እንደሚያሰማው ያለ እምምም የሚል ድምፅ መጣ፣ መጣና ቀጥ አለ። ከዚያ ቁልፍ ሲዞር የሚሰማው ቀጭ። እነዚህ ክዳኖች ከልጄ ዕድሜ በላይ ተዘግተው የኖሩ ናቸው፣ ቁልፍ የሚባል ነገር የላቸውም።

«አባዬ» አለች ልጄ፣ ከብረቱ ሥር።

ቤተልሔም «አባዬ» ብላ ጠርታኝ አታውቅም ማለት ይቀላል፣ አንደኛ ክፍል ከገባች ጀምሮ «ዳድ» ነኝ። ድምፁ ግን የእሷው ነው፣ የትንሽነቷ ሳይሆን የአሁኑ፣ የትልቋ።

«አባዬ፣ እዚህ ነኝ።»

«አቤት» የምትለዋ ቃል ምላሴ ላይ ደርሳ ነበር፣ እውነቴን ነው። የያዘኝ የሚስቴ ሕግ ይሁን የልጄ ሕግ አላውቅም፣ ብቻ አፌን ዘጋሁ። ስልኬን አውጥቼ ደወልኩላት፣ እንደማታነሳ እያወቅኩ፣ አላነሳችም። ተንበርክኬ ክዳኑ ላይ እጄን አሳረፍኩ። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የበላው ብረት ሊያቃጥለኝ ሲገባ እንደ በረዶ ቀዘቀዘኝ። ያኔ ፈራሁ፣ የፈራሁት ግን ለራሴ አልነበረም፣ እሷ አንድ ነገር ሆናለች ብዬ ነው። «አቤት» ማለት እንጂ መጥራት አልተከለከለም አይደል፣ ስለዚህ ጠራኋት።

«ሚጡ!» አልኩ። የቤት ስሟ ነው፣ ካደገች በኋላ ሰው ፊት እንዳልጠራት አስምላኛለች። «ሚጡ!»

ዝም። ላሞቹም ወደ ግጦሻቸው ተመለሱ። እኔ በእርጋታ ለመውረድ ሞክሬ ነበር፣ ከግማሽ በኋላ ግን ሮጥኩ፣ ምን ይደበቃል። ለየሺ እንኳ ትንፍሽ አላልኩም።

በማግስቱ ልጄ ደወለች። «ዳድ፣ ትናንት ታች እያለሁ ድምፅህን ሰማሁ። ከብረት በሩ ጀርባ። ሚጡ አልከኝ፣ ያን ስም እዚህ ማንም አያውቀውም። ተነሳሁ፣ ምንም አላሰብኩም፣ እጄ በሩ መክፈቻ ላይ ነበር። አብሮኝ ተረኛ የነበረው ካፕቴን ‹በለጠ! ምን እያደረግሽ ነው?› ሲለኝ ነው የነቃሁት።»

«እሱስ ሰማ?»

«ምንም አልሰማም።» ቀጥላም «ሪፖርት አደረግኩ» አለች።

እዚያ ቤት ድምፅ ሰማሁ ማለት ምን እንደሆነ ነግራኝ ታውቃለች፤ ወዲያው ከሥራ ያነሷታል፣ ሐኪም ያያታል፣ ላትመለስም ትችላለች። ጮህኩባት። «እሱ አልሰማም እያልሽ! ማን ያውቅብሽ ነበር? ለምን አርፈሽ አትቀመጪም?»

«ማንም ስለማያውቅ ነው እኮ፣ ዳድ። ራሴን ሪፖርት ካላደረግኩ ቁልፉ እንዴት እኔ ጋ ይሆናል?»

የተመረቀች ቀን ያላለቀስኩትን ያን ቀን ጋራዥ ውስጥ አለቀስኩ፣ በኩራት። ከዚያ የእኔንም ነገርኳት፣ ኮረብታውን፣ ክዳኑን፣ «አባዬ» መባሌን። እኔም እንደሷ ሳልደብቅ መናገር ነበረብኝ። እሷም ሁሉንም ለሐኪሞቹ እነግራለሁ አለች፣ ነገረቻቸውም።

ምርመራው ሳምንታት ወሰደ፣ ያ ጊዜ እንዴት እንዳለፈ እኔና የሺ ነን የምናውቀው። ሐኪሞቹ ምንም አላገኙባትም፣ ወደ ሥራዋ መለሷት። ኬክ ይዤ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ፣ ተፈራ «ቁልፉን መለሱላት?» ሲለኝ «በለጠ ነው የያዘው» አልኩት፣ ደረቴን ነፍቼ።

ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ተረኛ በሆነችበት ቀን፣ ስልኳን አስረክባ ከመውረዷ በፊት ደወለችልኝ።

«ዳድ፣ ያን ቀን ስንቴ ነው የጠራኸኝ?»

«ሁለቴ።»

የሜዳው ነፋስ በስልኩ ይሰማኛል።

«በሁለቱ አልተነሳሁም» አለችኝ። «ሦስተኛው ነው ያስነሳኝ። ‹ሚጡ፣ በሩን ክፈቺ› አለኝ፣ በአንተ ድምፅ።»

ከዚያ መግባት አለብኝ ብላ ዘጋች። እኔ ኮረብታው ላይ መውጣት ትቻለሁ፣ የሺም ስትጠራኝ መጥታ ትከሻዬን እስክትነካኝ እጠብቃለሁ፣ አሁን እሷ ናት የምትስቅብኝ። በልጄ ያለኝ ኩራት ንቅንቅ አላለም፣ ከበሩ የመለሳት ስሜ ነውና በስሜም እኮራለሁ። ግን በሩ ድረስ የወሰዳት ደግሞ ድምፄ ነው፣ ዛሬም ተረኛ ናት፣ እኔም ይህን ስጽፍላችሁ አፌን ዘግቼ ነው።