ቫኒላ የተቀባው ጓንት

«በብራንደን ከተማ አንዲት ልጅ መኪና ገዝታበታለች እኮ!» አለች ሼልቢ፣ በዚህ ሳምንት ለአራተኛ ጊዜ።

ኬዚያ ፔነር የበረዶ መንሸራተቻ ጫማዋን ማሰሪያ እየፈታች ነበር፤ ቀና አላለችም። ሰኞ ዕለት መኪናዋ አሮጌ ነበረች። ማክሰኞ ቀይ ሆነች። ረቡዕ መቀመጫዋ የሚሞቅ ሆኖ ተገኘ።

«ዛሬስ ስንት በር አወጣች?»

«ሙድ አትያዢብኝ፣ የእውነቴን ነው። የአክስቴ ልጅ ጓደኛ ታውቃታለች።»

«ማን ትባላለች?»

«ስሟ ምን ያደርግልሻል?»

መልበሻ ክፍሉ ይሸታል። የአሥረኛ ክፍል ሴቶች የሆኪ ቡድን ስድስት ጨዋታ በተከታታይ አሸንፏል፤ በዚህ ከተማ ደግሞ እያሸነፈ ያለ ቡድን የመጫወቻ ዕቃውን አያጥብም። ያጠበ ሰው ዕድሉን አብሮ አጠበው ይባላል። ስለዚህ አሥራ ሰባት ልጆች የስድስት ጨዋታ ላባቸውን በቦርሳ ተሸክመው ይዞራሉ። ከሁሉም የሚብሰው የበረኛዋ ዕቃ ነው፤ በረኛዋ ደግሞ ኬዚያ ናት።

ሼልቢ የያዘችው የዚሁ ሽታ መድኃኒት ነው፤ «ፖላር ፓፍ» የሚባል ጓንትና ቦርሳ ላይ የሚረጭ ነገር። ኩባንያው ለያንዳንዱ አባል የራሱን ሊንክ ይሰጣል። ቪዲዮ ሠርተሽ ሊንኩን ትለጥፊያለሽ፤ ሰው በዚያ ገብቶ ሲገዛ ከመቶው ሠላሳ ያንቺ ነው። ሼልቢ ኬዚያ ላይ እንደ ማስቲካ የተጣበቀችው በከንቱ አይደለም። የኬዚያ የቪዲዮ ቻናል ስድስት ሺህ ተከታይ አለው፤ አብዛኞቹ ትንንሽ በረኛ ሴት ልጆችና እናቶቻቸው ናቸው። የሚከተሏት ስለምታምር አይደለም። ባለፈው ዓመት አገር ያወደሰውን ውድ ጓንት አውራ ጣቱ ጋ በመቀስ ቀድዳ፣ ውስጡን አሳይታ፣ «ይሄ ቆሻሻ ነው» ስላለች ነው።

«ያንቺ መከላከያ እኮ የቆመው በፕላስተር ነው» አለች ሼልቢ፣ የኬዚያን የቀኝ እግር መከላከያ በጫማዋ ጫፍ እየነካካች። «ምዝገባው እስከ እሁድ ብቻ ነው። ከዚያ ይዘጋል።»

ይሄኛው ነካት። አዲስ መከላከያ አሥራ ስድስት መቶ ዶላር ነው። አባቷ «ለሚመጣው ክረምት» ብሏል፤ ባለፈው ክረምትም ያለው ይህንኑ ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ፓኩ፣ ያ በዱላ የሚመታው ጠፍጣፋ ድፍን ጎማ፣ በተቀደደው በኩል ገብቶ ጉልበቷ ሥር የተወላት እብጠት ገና ሰማያዊ ነው።

«ናሙናውን ስጪኝ። መጀመሪያ ልየው።»

«አቦ አታካብጂ! ምኑ ይታያል? ሰው ሁሉ እየገባ ነው።»

«ሰው ሁሉ የኔን ጓንት አሽትቷል? ስጪኝ።»

ቤት እንደገባች ቀኝ ጓንቷን ረጨችው፤ ግራውን ተወችው። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሁለቱን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ደርድራ የአባቷን ዓይን በፎጣ አሰረች። አባቷ የመንገድ በረዶ ጠራጊ መኪና ነጂ ነው፤ የተገጨ አጋዘን ከመንገድ ሲያነሳ የኖረ ሰው በቀላሉ አይደነግጥም።

ግራውን አሸተተ። «ይሄ ሞቷል።»

ቀኙን አሸተተና ፊቱን አዞረ። «ይሄም ሞቷል፤ ግን ቫኒላ ቀብተውታል። ልጄ፣ ምን በድዬሽ ነው?»

ኬዚያ ሳቀች። ከዚያ እጇን ቀኙ ጓንት ውስጥ ስትከት ሳቋ ቆመ። ውስጡ ሙጫ እንደፈሰሰበት ይጣበቃል። እጇን ስታወጣ መዳፏ ላይ ቢጫ ልጋግ ቀረ። ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጠበች፤ ልጋጉ ለቀቀ፣ ቫኒላው ግን አልለቀቀም። እራት ላይ ድንቹ ሁሉ ቫኒላ ቫኒላ አላት፤ ግማሹን ትታ ተነሳች።

ቢሆንም አዲሱ መከላከያ ከዓይኗ አልጠፋም። ላፕቶፑን ከፍታ ውሉን ማንበብ ጀመረች። ገዢው ሊንኩን ከነካ በኋላ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ካልገዛ ኮሚሽን የለም። ኬዚያ የሆኪ እናቶችን ታውቃለች፤ ሰኞ «እንገዛለን» ይላሉ፣ የሚገዙት ግን ቅዳሜ መኪናው ውስጥ ሲሸታቸው ነው። ዕቃው ከተመለሰም ኮሚሽኑ ይመለሳል። በየቪዲዮው ላይ «ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ እጠቀምበታለሁ» ማለት ግዴታ ነው፤ ተጠቀምሽም አልተጠቀምሽም። ለኩባንያው ጻፈች፦ ከተመዘገቡት ውስጥ ገንዘብ በእጃቸው የገባ ስንት ናቸው? ሽታውንስ የሚያጠፋው ምኑ ነው? መልሱ በሁለት ደቂቃ መጣ። «ንግሥታችን! ጊዜው ያንቺ ነው!» ከሥሩ ሦስት የእሳት ምስል።

ዘጠነኛው አንቀጽ ላይ ቆመች። አዲስ አባል ያስገባ ሰው፣ ያ አባል ከሚያገኘው ላይ አንድ አሥረኛውን ለአንድ ዓመት ይወስዳል ይላል። ወደ ምዝገባው ቅጽ ተመለሰች። «ማን ጋበዘሽ?» የሚለው ሳጥን ቀድሞ ተሞልቷል፦ ሼልቢ።

ላፕቶፑን ጠረቀመችው፤ የቀረውን ለማንበብም ተጸየፈችው።

ቅዳሜ ከጨዋታው በፊት ሼልቢን ፀጉሯን ስትጎነጉን አገኘቻት።

«አንድ አሥረኛ» አለቻት።

«ምን አንድ አሥረኛ?»

«ታውቂዋለሽ። ያቺ መኪና በየቀኑ የምታምረው ለዚህ ነዋ።»

ሼልቢ መጎንጎኗን አላቆመችም። «እና ምን ይጠበስ? አንቺም ታገኛለሽ፣ እኔም አገኛለሁ። ማን ተጎዳ?»

ኬዚያ ስልኳን ዘረጋችላት። ጠዋት የገባ መልእክት ነው፤ የአንዲት የዘጠኝ ዓመት በረኛ እናት የጻፈችው። «ልጄ አንቺ ያላልሽውን ዕቃ አትነካም። ጓንቷ አስቸገረን፤ ምን እንግዛላት?»

ሼልቢ አንብባ ፊቷ በራ። «ይኸውልሽ! ሊንኩን ላኪላት። የመጀመሪያ ደንበኛሽ!»

ከልቧ ደስ ብሏት ነው ያለችው። ኬዚያን ያቅለሸለሻት ይሄ ነው። ትንሽ ብታፍር፣ ዓይኗን እንኳ ብትሰብር ይሻል ነበር። ከአፀደ ሕፃናት ጀምሮ አብረው ነበሩ፤ ምሳቸውን ተካፍለው የበሉ፣ አንዷ ስትወድቅ ሌላዋ የምታለቅስ።

«አልገባም» አለች።

«ፈሪ! ሌላ ዓመት በዚህ ቡትቶ ተጫወቺያ!»

«እጫወታለሁ።»

ከጨዋታው በኋላ ለእናትየዋ መለሰችላት። «ምንም አትግዙ። ጓንቱን ለብ ባለ ውሃና በሳሙና እጠቡት፣ ከዚያ ማራገቢያ ፊት ስቀሉት።» ቤት ስትደርስ የራሷንም ሁለቱን አጠበቻቸው፤ ለቡድኑ አልተናገረችም።

ሼልቢ ሦስት ሳምንት ሙሉ አላናገረቻትም። ቪዲዮ በቪዲዮ ላይ ትለጥፍ ነበር፤ የትንንሾቹ ቡድን መልበሻ ክፍል ድረስ ቫኒላ ቫኒላ ሸተተ። በአራተኛው ሳምንት ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ መጥታ ኬዚያ ፊት ቆመች። ፊቷ ገርጥቷል።

«ውሉን አንብበሽው ነበር አይደል?»

«እስከ ዘጠነኛው አንቀጽ። ለምን?»

«ገንዘቤን ላወጣ ስል ድረ ገጹ የልደት ቀን ጠየቀኝ።»

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ገፋችላት። አንቀጽ አሥራ አራት ተከፍቷል። አሥራ ስምንት ዓመት ላልሞላው አባል ምንም ዓይነት ክፍያ አይፈጸምም ይላል።

ሁለቱም አሥራ አምስት ዓመታቸው ነው።