ለረጅሙ ካርድ የሠራሁት ሳጥን

ክረምቱ ሲገባ ባለቤቴን ቀበርኩ። በወሩ የምሠራበት የእንጨት ሥራ ቤት ተዘጋ። ሁለት ወር ሙሉ ሥራ ፈለግኩ፤ ስልሳ ስምንት ዓመት የሞላውን አናጺ የሚቀጥር የለም። መላጊያ ማሽኔን ሸጥኩ። ቀጥሎ የመጋዝ ማሽኔን። ጣሪያው ያፈሳል፣ ከሥሩ ባልዲ እናስቀምጣለን።

የምንበላው ልጄ በምታመጣው ነበር።

ይህ የሆነ ነገር ነው። ትምህርቴ አምስተኛ ክፍል ላይ ያበቃ ነው፣ ፈጥሬ መጻፍ አልችልበትም። ያየሁትን ብቻ ነው የማስቀምጠው። ሌሊትም አልነበረም... ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል፣ ዝናብ እየዘነበ፣ በገዛ ቤቴ ሳሎን ውስጥ።

ልጄ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ኮምፒውተር ላይ ትጫወታለች። መጀመሪያ ሥራ ፈትነት ይመስለኝ ነበር። ኋላ ግን ገባኝ፤ አምስት ሆነው በቡድን ይዋጋሉ፣ ሲያሸንፉ ይከፈላቸዋል። አራቱን በዓይኗ አይታቸው አታውቅም። ድምፃቸውን ብቻ ነው የምታውቀው።

የምትጫወተው በግራ እጇ ሦስት ጣት ነው። ትንሿ ጣቷና የቀለበት ጣቷ አይታጠፉም።

እንደዚያ ያደረግኳቸው እኔ ነኝ።

ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ። ለደንበኛ የጨረስኩት በር ላይ ኮላ ተደፋ። እጇን የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ አስዘረጋኋት። በብረት ማስመሪያዬ መታኋት። ሦስት ጊዜ። ሦስተኛው ላይ የተሰማው የብረት ድምፅ አልነበረም።

እናቷ እስክትሞት ድረስ አላነሳችብኝም። ልጄም አንድም ቀን አላነሳችብኝም።

አለማንሳታቸው ነው የከበደኝ።

በዚያ ክረምት አዲስ ጨዋታ ወጣ። ኮምፒውተሯ አልቻለውም። ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ ይቆማል፣ እሷ ደርቃ በቆመችበት ይገድሏታል።

"ግራፊክስ ካርዱ ነው፣ አባዬ። ምስሉን የሚሥለው እሱ ነው። አርጅቷል።"

"እኔም አርጅቻለሁ። ግን አልቆምኩም።"

"አንተን ፈትቼ በሌላ መቀየር አልችልም።"

ሳቅን። ብዙ ጊዜ አንስቅም።

ቡድኑ እስከ ቅዳሜ ቀን ሰጥቷታል። ቅዳሜ ማጣሪያ ነው። እስከዚያ ካልተስተካከለላት በሌላ ሰው ይተኳታል። ከዚያ በኋላ ምን እንደምንበላ ሁለታችንም አናውቅም።

መሰርሰሪያዬን ሸጥኩ። ካርዱን እኔ ልግዛልሽ አልኳት። ያለብኝን ዕዳ በዚያ የምከፍል መስሎኝ ነበር።

ወረቀት ላይ ጻፈችልኝ፤ ኤሌክትሪክ የሚያድለው ፓወር ሰፕላያችን አምስት መቶ ዋት ነው፣ ከዚያ በላይ የሚፈልግ አትግዛ። ሚሞሪው ከስምንት ጊጋ አይነስ።

የኮምፒውተር ዕቃ ሱቁ ምድር ቤት ነው። ባለሱቁን ብየዳ ይሉታል፤ የጣቶቹ ጫፍ በመበየጃ የተቃጠለ ነው። ሦስት ካርድ ደረደረልኝ።

"ይሄ አዲስ ነው፣ ጋሼ። ዋስትና አለው። ግን ሚሞሪው አራት ነው፤ አዲሱን ጨዋታ ሲያይ ያለቅሳል።"

"ያኛውስ?"

"ጉልበተኛ ነበር። ሁለት ዓመት ሌት ተቀን ዲጂታል ገንዘብ ሲያመርት ኖሮ ነው የመጣው። ለጠላትዎ ይግዙለት።"

ሦስተኛው ትልቅ ነበር፣ ባለ ሦስት ማራገቢያ። ዋጋው ግን ከኪሴ አያልፍም።

"ይሄ ለምን ረከሰ?"

"ቁመቱ። ተራ የኮምፒውተር ኬዝ ውስጥ አይገባም። የሚገባበትን ኬዝ ልግዛ ካሉ ደግሞ የካርዱን ግማሽ ዋጋ ያወጣሉ። እንጂ ጤነኛ ነው፣ አምስት መቶ ዋትም ይበቃዋል።"

ሜትሬን አውጥቼ ለካሁት። ሠላሳ ሁለት ሳንቲ። የእኛ ኬዝ ውስጡ ሃያ ስምንት ነው።

እኔ አናጺ ነኝ። ለአራት ሳንቲ ብዬ ቆርቆሮ አልገዛም።

"ሳጥኑን ራሴ እሠራዋለሁ።"

"ከእንጨት?"

"ከምን ልሥራው ታዲያ፣ ከሊጥ?"

ሳቀ። "አየር መግቢያ ይተዉለት እንጂ ይሆናል።"

የእንጨት መግዣ ግን አልተረፈኝም። ጓሮ ውስጥ አሮጌው የሥራ ጠረጴዛዬ ቆሟል። ሠላሳ ዓመት የደረቀ፣ ስንጥቅ የሌለው እንጨት። አናጺ ጥሩ እንጨት ፊቱ ሲቆም ሌላ ነገር አይታየውም። እኔም አልታየኝም። በእጅ መጋዝ ቆረጥኩት፣ ላግኩት፣ በቪቲ አጠበቅኩት።

ረቡዕ ዕለት ልጄ ዕቃዎቹን ሁሉ አዛውራ ገጠመች። ከዚያ መዳፏን ክዳኑ ላይ አሳረፈች።

ወዲያው አነሳችው።

"ይሄን እንጨት አውቀዋለሁ" አለች።

የተረፈውን ቪቲ ከወለሉ መልቀም ጀመርኩ።

"ግድ የለም፣ አባዬ። እንጨት ነው።"

ወንበሯን ግን ትንሽ ራቅ አደረገችው።

ስምንት ሰዓት ተኩል ሲል ሳጥኑ ውስጥ የሆነ ነገር መታ።

ጧ...

ጧ...

ጧ።

ከፍቼ አየሁ። ማራገቢያዎቹን የነካ ሽቦ የለም። የላላ ቪቲ የለም።

ሐሙስ ከኋላዋ ተቀምጬ አይ ነበር። ምስሉ እንደ ውኃ ይፈሳል። የፈረሰ ከተማ፣ ጠመንጃ የያዙ ሰዎች። ሁሉም ይሮጣሉ። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ከመንገዱ ጫፍ አንድ ሰው መጣ... ይሄኛው አይሮጥም።

ጠመንጃ የለውም። ሽርጥ አድርጓል። ጆሮው ላይ እርሳስ ሰክቷል። በእጁ ረጅምና ጠፍጣፋ ነገር ይዟል።

"ያ ማነው?" አልኳት።

"የጨዋታው አይደለም" አለች በሹክሹክታ።

ኮሎኔል የሚሉት የቡድናቸው መሪ በስፒከሩ ጮኸ። "ስለ ማን ነው የምታወሩት? ምንም የለም እኮ!"

ሰውዬው በጨዋታው ውስጥ ኮሎኔሉ አጠገብ ደረሰ። ማንቁርቱን ይዞ አንበረከከው። እጁን ድንጋይ ላይ ዘረጋው። ሦስት ጊዜ መታው። ከዚያ ጭንቅላቱን መታው። ጭንቅላቱ ቅርጹን ካጣ በኋላም አላቆመም።

"ሞትኩ!" አለ ኮሎኔሉ። "በምን ሞትኩ? ማን ነካኝ?"

ሌሎቹን ሦስቱንም እንዲሁ አደረጋቸው። በዚያ ጨዋታ የሞተ ወዲያው ይጠፋል። እነዚህ አልጠፉም። እጃቸው እንደተዘረጋ ደማቸው ውስጥ ተኝተው ቀሩ።

ከዚያ ሰውዬው ፊቱን ወደ እኛ አዞረ።

ሃምሳ አንድ ዓመቴ ላይ ስላጭ መስታወት ውስጥ የማየው ፊት ነበር።

ልጄ አልደነገጠችም። የደነገጥኩት እኔ ነኝ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የምታዪው?"

"በካርዱ ከሆነ፣ ዛሬ።" ዓይኗን ከስክሪኑ አልነቀለችም። "ያለ ካርድ ግን ሁልጊዜ።"

እጅጌዋን ሰበሰበች። ግራ ክንዷ ላይ ሰምበር ወጥቷል። ቀጥ ያለ፣ የማስመሪያ ስፋት ያለው።

አርብ ጠዋት ሳጥኑን ተሸክሜ ብየዳ ዘንድ ወረድኩ። ካርዱን አውጥቶ በራሱ ማሽን ላይ ገጠመው። አንድ ሰዓት ሞከረው።

"ካርዱ ንጹሕ ነው፣ ጋሼ።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"እንደ ሕፃን ልጅ ነው።" ሳጥኑን ሊያነሳ ጎንበስ አለና እጁን ሰበሰበ። በመበየጃ የማይደነግጡትን ጣቶቹን እፍ አለባቸው። "እንጨቱ ለምንድነው የሚግለው? ኤሌክትሪክ እኮ የለበትም።"

ሳጥኑን ወደ ራሴ ሳብኩት።

"ከምን ነው የሠሩት?"

"ከሥራ ጠረጴዛዬ።"

አየኝ። ቀልዱ ሁሉ ከፊቱ ጠፋ። "ሰኞ ኬዝ ላፈላልግልዎት። በዱቤ። እስከዚያ ኮምፒውተሩን ባያበሩት ይሻላል።"

ማጣሪያው ግን ቅዳሜ ነው።

ቅዳሜ ሳጥኑን ልፈታ ካቻቢቴ ይዤ ቀረብኩ። የቪቲዎቹ ጭንቅላት አልነበረም። እንጨቱ በላያቸው ላይ ተዘግቷል፣ እንደዳነ ቁስል።

"ዛሬ አትጫወቺ" አልኳት።

"ካልተጫወትኩ ምን እንበላለን?"

"ሥራ አገኛለሁ።"

"አባዬ... ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ ከዚህ ሰውዬ ስሸሽ ኖሬያለሁ። ዛሬ ከወንበሬ አልነሳም።"

ስምንት ሰዓት ላይ ጀመሩ። እኔ ግድግዳው ጋ ተቀመጥኩ፣ የኤሌክትሪኩን ገመድ ይዤ። ሲመጣ ልነቅለው።

ሰዓቱ ደረሰ።

ዛሬ ሰውዬው ማንንም አልነካም። በተኩሱ መሐል ቀጥ ብሎ ወደ እኛ ተራመደ። ስክሪኑን ደረቱ ሞላው። ሽርጡ ላይ ያለው የቫርኒሽ ነጠብጣብ ታየኝ። አንድ በአንድ አውቀዋለሁ።

ገመዱን ነቀልኩ።

ጨዋታው አልቆመም። ገመዱ እጄ ላይ ነው... ማራገቢያዎቹ ግን ይሽከረከራሉ።

"አባዬ፣ እጄን... እጄን..."

ግራ እጇ ከኪቦርዱ ላይ እየተነሳ ነበር። የሚጎትተው አይታይም። ክዳኑ ላይ አሳረፈው፣ መዳፉን ወደ ታች። ጣቶቿን አንድ በአንድ ዘረጋቸው። ወንበሩ እስኪንቋቋ ወደ ኋላ ተሳበች፣ አልለቀቃትም።

ከስፒከሩ ድምፅ ወጣ። የእኔ ድምፅ ነው።

"እጅሽን ዘርጊ። አታልቅሺ።"

ያን ቀን ያልኳት እሱን ነው። ቃል በቃል።

መዶሻ አንስቼ ሳጥኑን በሙሉ ኃይሌ መታሁት። ልጄ ጮኸች። ሳጥኑ ምንም አልሆነም፤ ደሙ የወጣው ከእሷ አፍንጫ ነው።

መዶሻውን ጣልኩት።

ግራ እጄን በእጇ ላይ ጫንኩ። ከእጇ በላይ ቅዝቃዜ ተሰማኝ፣ የብረት ቅዝቃዜ፣ ወደ ላይ ሲነሳ።

"ልቀቃት" አልኩት። "የኮላውን ጣሳ በሩ ላይ ክፍቱን የተውኩት እኔ ነኝ። እሷ በአጠገቡ ብቻ ነው ያለፈችው። ያኔም አውቅ ነበር። ከመምታቴ በፊት አውቅ ነበር።"

ለማንም ነግሬው አላውቅም። ለእናቷም።

ልጄ ቀና ብላ አየችኝ።

እጇ ከእጄ ሥር ተንሸራቶ ወጣ። የእኔ ግን ተያዘ።

አንድ። ቆዳዬ ተሰነጠቀ።

ሁለት። ደሙ በክዳኑ ጠርዝ ወረደ።

ሦስት። ያን ድምፅ አወቅሁት።

"ተጫወቺ" አልኳት። "ተጫወቺ፣ ልጄ።"

አፍንጫዋ እየደማ ወደ ኪቦርዱ ዞረች። ኮሎኔሉ "ከግራ! ከግራ!" ሲል ሰማሁ። ከዚያ ወለሉ መጣብኝ።

አሸንፈው ማለፋቸውን የሰማሁት ሐኪም ቤት ነው።

"ምን ወደቀብዎት?" አለኝ ሐኪሙ።

"ብረት።"

"ማን ነበር የያዘው?"

የተጠቀለለውን እጄን ወደ ደረቴ ሳብኩ። ሁለቱ ጣቶች ከእንግዲህ እንደማይታጠፉ ነገረኝ። ትንሿና የቀለበቷ። እሺ አልኩት።

አመሻሽ ላይ ቤት ገባን። ገመዱ ወለሉ ላይ ወድቋል። ስክሪኑ ግን በርቷል።

ያው መንገድ ነው። የተኙት አራቱ የሉም። ሽርጥ ያደረገው ሰውዬ ጀርባውን ሰጥቶን ይሄዳል። በእጁ ምንም የለም። እያነሰ፣ እያነሰ ሄደ... የመንገዱ ጫፍ ሲደርስ ቆመ። ሳይዞር ቆየ። ከዚያ ስክሪኑ ጠቆረ።

ልጄ አጠገቤ ቆማ ነበር። በግራ እጇ ደህናውን እጄን ያዘችው። አጥብቃ።

የያዙኝን ጣቶች ቆጠርኩ።

ደግሜ ቆጠርኩ።

አምስት ናቸው።