የፈተናው ዕለት ጀልባ

«ጠጋ በሉ፣ ጠጋ ጠጋ። ገና የሚሳፈር ሰው አለ» አለ ፋሩቅ፣ አንድ እግሩን መሬት ላይ፣ አንዱን ጀልባዋ ላይ አድርጎ።

ሀናን ከጤፍ ጆንያ ጋር ተጣብቃ ተቀምጣለች። ጫማዋ ውስጥ የሚቀዘቅዝ ነገር ተሰማት። ዝቅ ብላ አላየችም። ምን እንደሆነ ታውቀዋለች።

ግድቡ ከሞላ ወዲህ ወደ መካነ ሰላም የሚወስደው የድሮ መንገድ ውሃ ውስጥ ቀርቷል። በሐይቁ ዳር ያሉትን መንደሮች እርስ በርስና ከመኪና መንገዱ ጋር የምታገናኘው ይህች የብረት ጀልባ ብቻ ናት። የሀናን ታላቅ ወንድም ፋሩቅ፣ ጅዳ ሠርቶ ሲመለስ በእጁ የቀረውን ሁሉ አውጥቶ ነው የገዛት። ጀልባዋ ካልሄደች ገደሉን ዞሮ በእግር መሄድ ነው፤ እሱ ደግሞ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ዛሬ ደግሞ መካነ ሰላም ላይ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ነው።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ጀልባዋ ውሃው ከዋጠው የባሕር ዛፍ ጉቶ ጋር ተጋጭታ ጎኗ ተሰነጠቀ። ሀናን ወደ ዳር ስትወርድ ፋሩቅ ስንጥቁን በጨርቅና በላስቲክ ሲወትፍ አገኘችው።

«ለማንም እንዳትናገሪ» አላት። «ሰው ከሰማ ቀበሌው ያስቆመኛል። ያኔ ፈተናው ጋ በምን ትደርሳላችሁ? የሚጠግናት በያጅ እንደሆነ ከነገ ወዲያ ነው የሚመጣው።»

«መንገድ ላይ ውሃ ቢገባስ?»

«ስንጥቁ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው። ጭነት ካልበዛ ውሃው አይደርስበትም። አብሽሪ።»

ጭነቱ ግን በዛ። የገበያ ቀን ነበር። ከስድስቱ ተፈታኞች ሌላ ነጋዴዎች ከነዕቃቸው፣ አንዲት ሴት ከነዶሮዎቿ፣ የመንደሩ ሽማግሌ ሼህ ሙሐሲን ደግሞ ከሁለት ጆንያ ጤፍ ጋር ተሳፍረዋል። ፋሩቅ «አትሳፈሩ» ለማለት ምክንያት መስጠት ነበረበት። ምክንያቱን ደግሞ መናገር አልፈለገም።

ሞተሩ ተነሳ። አጠገቧ የተቀመጠችው ጓደኛዋ ምህረት የሒሳብ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ታጠናለች። ምህረት የምትኖረው ከአክስቷ ጋር ነው፤ እናቷ ቤይሩት ናት። አክስቷ «ዘንድሮ ካላለፍሽ ትምህርቱ ይብቃሽ» ብላታለች።

«ሀኑ፣ ጫማሽ ረጥቧል እኮ።»

«ማዕበሉ ረጭቶኝ ነው።»

«የምን ማዕበል? ውሃው ጸጥ ብሏል እኮ» ብላ ሳቀች ምህረት። «ፈርተሻል መሰለኝ። ፈታ በይ ባክሽ፣ ሒሳቡን እንደሆን ለእኔ ተይልኝ።»

ሀናን ለመሳቅ ሞከረች። በተረከዟ ውታፉን ፈለገችው። ረጥቦ ለስልሷል። ትንሽ ጫን ስትለው ተንሸራተተና ውሃው እንደ ገመድ እየተጎነጎነ ወደ ውስጥ መግባት ጀመረ።

ቀና ብላ ወንድሟን አየችው። እሱም አይቷል። ጭንቅላቱን በትንሹ ነቀነቀ፤ ዝም በይ ማለቱ ነው። ከዚያ ሞተሩን አፈጠነ።

ከፊታቸው፣ እስካሁን ከነፋስ የከለላቸው ኮረብታ ያልቃል። ከኮረብታው ወዲያ ከገደሉ የሚመጣው ነፋስ ሐይቁን የሚያናውጥበት ክፍት ውሃ ነው። ጀልባዋ ላይ ካሉት ዋና የሚችል ከፋሩቅ በቀር የለም። ብትናገር ይመለሳሉ፤ ከተመለሱ ፈተናው ያመልጣል። የምህረት ከንፈር ቀመር እያነበነበ ይንቀሳቀሳል። ውሃው የሀናንን ቁርጭምጭሚት አለፈ።

«ሼህ ሙሐሲን» አለች ሀናን። ድምጿን ከፍ አድርጋ ደገመችው። «ሼህ ሙሐሲን፣ ጀልባዋ ተሰንጥቃለች። ውሃ እየገባ ነው።»

ባለ ዶሮዋ ሴት ብድግ ስትል ጀልባዋ ወደ አንድ ጎን ዘመመች። አንድ ልጅ ጮኸ።

«ማንም እንዳይነሳ» አሉ ሼህ ሙሐሲን፣ ሴትየዋን በክንዷ ይዘው እያስቀመጡ። «ፋሩቅ፣ መልሳት።»

«አባቴ፣ ከዚህ በኋላ እኮ ትንሽ ነው…»

«መልሳት ልጄ።»

ፋሩቅ መለሳት። ሲዞሩ ነፋሱ ጎናቸውን መታቸው። ሀናን ሹራቧን አውልቃ ስንጥቁ ላይ በሁለት እጇ ተጫነችው። ነጋዴዎቹ በጆግና በባልዲ ውሃውን ይጨልፋሉ። ሼህ ሙሐሲን ዱዓ ያደርጋሉ፤ ምህረት ዓይኗን ጨፍና ማርያምን ትጠራለች። የጀልባዋ አፍንጫ ጭቃውን እስኪነካ ድረስ መጨለፉ አልቆመም።

መሬት ሲረግጡ ግን ሁሉም ፋሩቅ ላይ ጮኹበት። ምህረት የሀናንን እጅ ያዘች።

«መቼ ነው ያየሽው?»

«አሁን» አለች ሀናን። «ውሃው ሲገባ።»

«አንቺ ባትኖሪ አልቀን ነበር» አለችና አቀፈቻት።

ሼህ ሙሐሲን ጆንያዎቻቸውን ማስወረድ ጀመሩ። «ገበያ ሁሌም አለ» አሉ። «ልጆቹን ብቻ ውሰዳቸው። መሀሉን ትተህ ዳር ዳሩን።» ጀልባዋ ስትቀል ስንጥቁ ከውሃው በላይ ወጥቶ ለሁሉም ታየ። የአንዱ ልጅ አባት ልጁን በእግሬ እወስደዋለሁ ብሎ ይዞት ሄደ። አምስቱ ተሳፈሩ።

ፋሩቅ ዳሩን ተከትሎ፣ እግር ሊደርስበት ከሚችል ውሃ ሳይርቅ ቀስ ብሎ ነዳ። ሀናንን አንዴም አላያትም። እሷ ዓይኗን ከስንጥቁ አላነሳችም።

ማዶ ሲደርሱ ወደ መንደሮቹ ለመመለስ የሚጠብቁ ተሳፋሪዎች ወደ ጀልባዋ ተጋፉ። ፋሩቅ ገመዱን አስሮ ፊታቸው ቆመ።

«ዛሬ አልመልሳችሁም» አላቸው። «ትናንት ተሰንጥቃለች። ጠዋት ሰው የጫንኩት እያወቅኩ ነው።»

አንድ ሽማግሌ ሰደቡት። ፋሩቅ ጎንበስ ብሎ ሞተሩን መፍታት ጀመረ።

ሚኒባሱ ውስጥ ምህረት ለሀናን ቦታ ይዛላት ነበር። «ጀግናዬ» አለቻትና እጇን ያዘቻት። ለሾፌሩም፣ ለረዳቱም፣ ለማያውቋት ሴትዮ ሁሉ ሀናን እንዴት እንዳተረፈቻቸው አወራች። ሀናን በመስኮቱ ትመለከታለች። ወንድሟ ትናንት ያላትን ብቻዋን ሆና ስለሰማችው፣ እሷ እንደምታውቅ የሚነግርባት የለም። ፋሩቅም አይናገርም። ዝም ብትል ያልቃል።

የመካነ ሰላም ቆርቆሮ ቤቶች ከሩቅ መታየት ጀመሩ።

«ምህረት።»

«ወዬ።»

«ትናንት ነው ያወቅኩት።»

«ምኑን?»

«ስንጥቁን። ጠዋት አጠገቤ ስትቀመጪ አውቅ ነበር።»

ምህረት ዞራ አየቻት። ከዚያ እጇን ቀስ ብላ አስለቀቀች። ሀናን ልትይዛት አልሞከረችም።