ከፍ ያለው ወንበር

የሥነ ልቦና አማካሪዋ ብርሃኔ፣ ደባርቅ ከተማ ውስጥ በተከራየቻት ክፍል፣ ወለሉ ላይ በግንባሯ ተደፍታ ጠዋት ሞታ ተገኘች። በር የሚደገፍበት ድንጋይ ማጅራቷን መትቷት አጠገቧ ወድቋል። ነጠላዋ ባለ መደገፊያው ወንበር ላይ ጣል ተደርጓል፤ ከወንበሩ ፊት አጭር በርጩማ ተገልብጧል። ያየ ሁሉ የተናገረው አንድ ነው፦ አማካሪዋ ከወንበሩ፣ ልጅቱ ከበርጩማው ሆነው ሲነጋገሩ ተጣሉ።

ልጅቱ ትሕትና ናት፤ ከዳባት በሚኒባስ እየተመላለሰች የምትማከር የአሥራ ሰባት ዓመት ተማሪ። ትናንት ከሰዓት በኋላ እያለቀሰች ስትወጣ መንደሩ አይቷታል። አሁን ጣቢያ ታስራለች።

ኢንስፔክተር ሠርካለም ነገር ሲቀልላት ደስ የማይላት ሴት ናት። ጎንበስ ብላ ወንበሩን አየችው። የክንድ ማሳረፊያው በእስክሪብቶ ተሞነጫጭሯል፤ አበባ፣ የኳስ ቡድን ስም፣ ተስሎ የተፋቀ ልብ። በርጩማው ላይ ግን አንድ ጭረት እንኳ የለም። የወንበሩ መንትያ ጥግ ይዞ ቆሟል፤ ምንጣፉ ላይ ግን፣ ከመጀመሪያው ወንበር ትይዩ፣ የእግሮቹ ምልክት ገና ጎድጉዶ ነበር።

የግቢው ባለቤት አቶ ፀጋው ስንቱን ደመኛ ያስታረቁ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው።

«በመስኮቱ፣ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ» አሉ። «ብርሃኔ ከወንበሩ፣ ልጅቱ ከበርጩማው። ልጅቱ ትጮኽባት ነበር።»

«እርስዎስ ይማከሩ ነበር?»

«እኔ? ይህን ሽበት ይዤ? ምን ቆርጦኝ!»

የትሕትና የንስሐ አባት መምሬ ሃብተ ጊዮርጊስ ሰሞኑን እዚሁ ግቢ ከሟቿ ጋር ሲጨቃጨቁ ተሰምተዋል። እሳቸውም አልካዱም።

«ምሥጢር ለካህን እንጂ ለደመወዝተኛ አይነገርም ብያታለሁ፣ ልጄ። ደግሞም ልጆቹን ሥርዓት አስረሳቻቸው።»

«ምን አደረገች?»

«እሱን ልጆቹን ጠይቂ። እኔ ለመናገሩም አፍራለሁ።»

የትሕትና እናት ወይዘሮ አረጋሽ ዓይናቸው አብጧል። ባላቸውን ከዓመታት በፊት ዳባት መንገድ ላይ፣ በጉም ውስጥ፣ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ተኩሶ ገድሎባቸዋል።

«እኔንም አማክራኛለች። እኩል ወንበር ላይ፣ ጉልበት ለጉልበት ገጥመን እንቀመጥ ነበር። ልጄ ምን እንደምትላት ብጠይቃት ‹የእሷ የእሷ ነው፤ የእርስዎም የእርስዎ› ብላ ዘጋችኝ።»

ከሰዓት በኋላ ሠርካለም ሁሉንም እዚያችው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ወንበሩንና በርጩማውን ፊት ለፊት አድርጋ ትሕትናን አስመጣች።

«እንደ ልማድሽ ተቀመጪ።»

ልጅቱ ካህኑን አየች፤ እናቷን አየች። ፊቷ በሐፍረት ቀላ። ከዚያ ሄዳ ከፍ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ውይ! በመምሬ ፊት!» አሉ እናቷ።

«ይኸው! ያልሁሽ ይኸን ነው!» አሉ መምሬ።

«ብርሃኔስ?» አለች ሠርካለም።

«በርጩማው ላይ ነበር የምትቀመጠው፣ ሁልጊዜ። ልጅ ሽቅብ እያንጋጠጠ ሲያወራ ትልቁን ሰው ደስ የሚለውን ነው የሚናገረው ትላለች። ምንም አትጠይቀኝም። እስክናገር ትጠብቀኛለች።»

ሠርካለም ወደ ሌሎቹ ዞረች።

«ወንበሩን የሞነጫጨሩት የሚቀመጡበት ልጆች ናቸው። ነጠላውን እዚያ የጣለው፣ በርጩማውንም የገለበጠው ሰው ይህን አያውቅም። ልጅን ከታላቅ በላይ ማስቀመጥ በሐሳቡም የማይመጣ፣ በሥርዓት ያደገ ሰው ነው። ምንጣፉ ደግሞ በመጨረሻ ሁለቱ ወንበሮች ትይዩ እንደነበሩ ይናገራል፤ እንዲያ የምትቀመጠው ከአዋቂ ጋር ነው። ስለዚህ ከትሕትና በኋላ ሊማከር የገባ አዋቂ አለ። መምሬ አይደሉም፤ የተጣሏት በዚሁ በወንበሩ ነገር ስለሆነ አሳምረው ያውቁታል። እናትም በገዛ ልጇ ላይ ወጥመድ አትዘረጋም። አቶ ፀጋው፣ በዓይኔ በብረቱ አየሁ ያሉኝ ያልነበረውን ነው። ለምን እንዳደረጉት ግን አላውቅም።»

ሽማግሌው ግድግዳውን ተደገፉ።

«ነገረቻታ!» አሉ። «ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ሰሞኑን ልቤን ቢከብደኝ ተነፈስሁላት። ብዙም ሳይቆይ ይቺ ልጅ እያለቀሰች ስትወጣ አየሁ። ገብቼ ‹ምሥጢሬን ለደመኛዬ ሰጠሽብኝ› አልኋት። አልሰጠሁም ብላ ማለች፤ እንዴት ልመናት? ነገ ልጆቼን ሊያስጨርሱብኝ! ውኃ ልትቀዳልኝ ዞር ስትል...»

«የምን ደመኛ?» አሉ አረጋሽ በቀስታ።

አቶ ፀጋው አፋቸውን በጋቢያቸው ያዙ።

«ምንም አልነገረችኝም» አለች ትሕትና። «ያን ቀን ከረሜላ ግዛልኝ ብዬ አባቴን የላክሁት እኔ ነበርሁ። እኔ ገደልሁት እያልሁ ነው ያደግሁ። ትናንት ገና አፌን ሞልቼ ተናገርሁት። ‹በአንቺ አይደለም› አለችኝ። ያለቀስሁት ለዚህ ነው።»

ደባ ራሱን፣ ስለት ድጉሱን። ብርሃኔ ሞት መጥቶባት እንኳ ያልተነፈሰችውን ምሥጢር ባለቤቱ ራሱ ዳባት መንገድ ላይ በገደለው ሰው ሚስትና ልጅ ፊት ዘረገፈው።

ፖሊሶች ይዘዋቸው ወጡ። አረጋሽ ደረታቸውን እየደቁ ሲከተሉ መምሬ ደገፏቸው። ትሕትና ግን ከወንበሩ አልተነሣችም፤ ጣቷ የተፋቀውን ልብ እየደጋገመ ይዳስሳል።

ሠርካለም የምስክርነት ቃሏን መቀበል ነበረባት፤ ጥያቄዎቿም ምላሷ ጫፍ ላይ ነበሩ። ዋጠቻቸው። በርጩማውን ሳብ አድርጋ ከልጅቱ በታች ተቀመጠችና ዝም ብላ ጠበቀቻት።