ቶርኖው ላይ የቀረው ገበቴ

«አጥፊው! አጥፊው እንጂ!» አጎቷ ከበሩ ሆኖ ጮኸ።

ፌንጣ ማሽኑን አጠፋች። እንጨት ማዞሪያው ቶርኖ ላይ የተሰቀለው የእንጨት ገበቴ እየተንገዳገደ ጥቂት ዞረና ቆመ። መሮው ከእጇ ተስፈንጥሮ ሰጋቱራው ውስጥ ወድቋል።

«ማን ንኪ አለሽ?»

«ልጨርሰው ብዬ ነዋ።»

ገበቴው የአባቷ ነው። ውጪውን አሳምሮ፣ ውስጡን እስከ ግማሽ ቦርቡሮ ሳለ ሩቅ ከተማ ሥራ ተገኘለት። «መጥቼ እጨርሰዋለሁ፤ ከቦታው እንዳታነሱት» ብሎ ሄደ። ያኔ መሬት ለመሬት ይጎተትባት የነበረው የአባቷ የሥራ ሽርጥ አሁን ጉልበቷ ላይ ይቀራል። በደወለ ቁጥር «በቅርቡ እመጣለሁ» ይላል። እሷም ከትምህርት ቤት ስትመለስ የገበቴውን አቧራ ትጠርጋለች። አንድ ቦታ አትረጋም ብሎ «ፌንጣ» ያላትም እሱ ነው፤ እዚህ ገበቴ ፊት ግን ረግታ ትቆማለች።

በር ሠሪው አጎቷ ገበቴውን በእጁ ቀስ አድርጎ አዞረው። ጠርዙ አንዴ ይጠጋል፣ አንዴ ይርቃል።

«አየሽ? ሲሰቀል እርጥብ ነበር። ደርቆ ተጣሟል። መሮ ስታስጠጊበት መልሶ ይመታሻል።»

«አባዬ ሲመጣ ያቃናዋል።»

«አባትሽም ቢሆን የደረቀ እንጨት ቆንጥጦ አያቃናም።» ፈገግ አለ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መማር ካማረሽ እሱን አውርደሽ ሌላ ስቀይ። አንዴ ከወረደ ግን እንደ በፊቱ መሐል ለመሐል አይገጥምም። እኔ እጄን አላስገባም።»

ወደ በሮቹ ተመለሰ።

ፌንጣ ጣቷን ወደ ገበቴው ውስጥ ሰደደች። የአባቷ መሮ ያለፈበት መስመር ይሻክራል። እውነቱን ለመናገር፣ የናፈቃት ገበቴ መሥራት ብቻ አልነበረም። አባቷ ከኋላዋ ቆሞ ክርኗን ደገፍ አድርጎ፣ «ቀስ በይ፣ መጀመሪያ የመሮውን ጀርባ አስነኪው» እንዲላት ነበር።

መፍቻውን አነሳች።

ገበቴው ሲወርድ እንደገመተችው አልከበደም። መደርደሪያው ላይ አስቀምጣው አዲስ የግንድ ቁራጭ ሰቀለች። ማሽኑን አስነስታ መሮውን ስታስጠጋ እንጨቱ ውስጥ ተሰንቅሮ ነከሰባት፤ ደግማ ሞከረች፣ ደግሞ ነከሰባት። ማሽኑን አጥፍታ፣ ሽርጡ ላይ እጇን ጠርጋ ስልኳን አወጣች።

«አባዬ፣ ገበቴውን አወረድኩት።»

በወዲያኛው በኩል የመኪና ጡሩምባ ይሰማል።

«ተጣሞ ነበር» አለች ቶሎ ብላ።

«ይጣመማላ፣ ልጄ። ብዙ ቆየሁ። ታዲያ ምን ሰቀልሽ?»

«የግንድ ቁራጭ። ግን መሮው ይነክስብኛል።»

«እስቲ አሠሪው። ድምፁን ሳልሰማ ምኑን ልንገርሽ?»

ከመዝጋታቸው በፊት ሁልጊዜ «መቼ ነው የምትመጣው?» ትለው ነበር። ዛሬም ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ዋጠችው። ስልኩን ላውድ ላይ አድርጋ ከማሽኑ አጠገብ አስደገፈችና የማሽኑን ቁልፍ ተጫነች።