የሀሮ ዲማ ናሙና

ዶክተር ምንትዋብ ደርሰህ ታኅሣሥ በገባ ቁጥር ወደ ሀሮ ዲማ ትወርዳለች። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንድም ጊዜ አልቀረችም። የስምጥ ሸለቆውን ጨዋማ ሐይቅ በጠርሙስ እየቀዳች፣ በየጠርሙሱ ላይ ቀንና ቦታ እየጻፈች፣ ዩኒቨርሲቲው ምድር ቤት ወዳለው ላቦራቶሪ ታመጣዋለች፤ በውሃው የሟሟውን ማዕድን ለክታም ከየትኛው ድንጋይ ታጥቦ እንደመጣ ትለያለች። የዶክትሬት ጽሑፏም፣ ተባባሪ ፕሮፌሰርነቷም፣ በጂኦኬሚስትሪ ጉባኤዎች የተጨበጨበላትም ከዚያ ውሃ የተቀዳ ነው። ትዳር አልያዘችም። ተማሪዎቿ «ሐይቁን ነው ያገባችው» እያሉ ያሟታል።

ዘንድሮም ናሙናዋን ይዛ በተመለሰች በማግሥቱ፣ ረፋድ ላይ፣ የመለኪያ መሣሪያው ባለሙያ አቶ ገረመው ውጤቱን አትሞ አመጣላት።

«የምሥራቁ ዳርቻ ዘንድሮም ያው ነው፣ ዶክተር።»

«ያው ማለት?»

አቶ ገረመው ጥቂት ፊቷን አየና ዓይኑን ሰበረ። «አይ፣ ተሳስቼ ነው» ብሎ ወጣ።

ወረቀቱን አነበበች። ስትሮንሺየም የሚሉት ማዕድን እንደ ጣት አሻራ ነው፤ የአንዱ አገር ውሃ ከሌላው አይገጥምም። የምሥራቁ ዳርቻ ጠርሙስ ያሳየው ቁጥር ደግሞ የስምጥ ሸለቆው አልነበረም። የጋይንት ደጋ ምንጭ ነበር፤ እሷ ተወልዳ፣ አድጋ፣ እስከ አሥራ ስምንት ዓመቷ የጠጣችው ምንጭ። ከዓመታት በፊት ራሷ ስለለካችው ቁጥሩን በቃሏ ታውቀዋለች።

አቶ ገረመውን መልሳ ጠርታ «ይድገሙት» አለችው። ደገመው። ሦስተኛም ደገመው። ለምን ብሎ ግን አልጠየቃትም።

ከዚያ ቀን ወዲህ በላቦራቶሪው የአሲዱን ስል ሽታ ሰንጥቆ የሚወጣ፣ የረጋ ጭቃና የበሰበሰ ደንገል የመሰለ ጠረን ይከተላት ጀመር፤ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ እየከፈተች ብታሸትም ከአንዱም አልነበረም። የአየር መሳቢያው ጉርምርምታ ሲቆምና መስኮት የሌለው ክፍል ጸጥ ሲል፣ ውሃ ዳርቻን ሲልስ የሚያሰማው ለስላሳ ድምፅ ይመጣል፤ ትንፋሿን ስትይዝ ድምፁም አብሯት ይቆማል። አቶ ገረመው ወንበሩን ወደ በሩ አስጠግቷል።

በዚያው ሳምንት የመንጋጋ ጥርሷ ወለቀ። አላመማትም፤ አልደማችም። ጥርስ ሰው በልጅነቱ የጠጣውን ውሃ አሻራ ይዞ ይቀራል፤ ባለቤቱ የትም ቢሰደድ፣ ምንም ቢጠጣ አይለወጥም። የእሷ ጥርስ የጋይንትን ቁጥር መስጠት ነበረበት። ግማሹን ፈጭታ፣ በአሲድ አሟምታ፣ ለማንም ሳትናገር ለካችው።

የወጣው የሀሮ ዲማ ቁጥር ነው።

የቀረውን ግማሽ በወረቀት ጠቅልላ ቀትር ላይ ሐይቁ ደረሰች። ከመጀመሪያው ዓመት አንስቶ በጀልባ የሚያሻግሯት ሽማግሌ፣ ኦቦ ቦሩ፣ የጀልባቸውን ስንጥቅ እየደፈኑ ነበር። ጥርሱን በመዳፏ ዘረጋችላቸው። አልተገረሙም።

«ኦቦ ቦሩ፣ ምሥራቁ ዳርቻ ላይ ምንድን ነው ያለው?»

«መቃብር። ሐይቁ እየሞላ መጥቶ ከሦስት ዓመት በፊት ዋጠው።»

«የማን መቃብር?»

«የአንዲት ተማሪ። ከጋይንት ነው የመጣሁት ብላን ነበር። ጀልባችን ተገልብጣ ሰጠመች። ያወጣኋትም እኔ፣ የቀበርኳትም እኔ። አፈሩን መልሰን እጃችንን ስንታጠብ፣ አንቺ መልኳን ይዘሽ ከውሃው ወጣሽ። ‹ጠርሙሶቼስ?› አልሽን። ፈራንና ሰጠንሽ።»

ምንትዋብ ልትጮህ አፏን ስትከፍት ምራቋ ጨው ጨው አላት። የእናቷን ፊት ለማስታወስ ሞከረች፤ የመጣላት ከታች ወደ ላይ የሚታይ አረንጓዴ ብርሃን ብቻ ነበር።

«ይህን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገሩኝም?»

«ነግሬሻለሁ እንጂ፣ ልጄ» አሉ ሽማግሌው፣ እንደ ሕመምተኛ እያዩዋት። «ውሃው መቃብሩን ከዋጠ ወዲህ በየዓመቱ ትጠይቂኛለሽ። አምና ፀጉርሽን ይዘሽ መጣሽ፤ ካቻምና ጥፍርሽን። እኔም እነግርሻለሁ። አልቅሰሽ አልቅሰሽ ወደ ውሃው ትመለሻለሽ፤ ስትወጪ ሁሉንም ረስተሽዋል።»

«ውሸት ነው! እኔ የትም አልገባም!» ብላ ቀና ስትል፣ ኦቦ ቦሩ ከሩቅ፣ ከደረቁ መሬት ላይ ሆነው እጃቸውን እያውለበለቡ ሲሰናበቷት አየች፤ ለብ ያለው ውሃም አገጯ ደርሶ ነበር።