አስራ አንዱ የጨረቃ ስህተቶች

እኔ ቢሮ አጽጂ ነኝ። እሱ ሦስተኛ ፎቅ ጥጉ ላይ ባለችው ክፍል አሮጌ የኮምፒውተር ጨዋታዎችን የሚንከባከብ ሰው ነው። ጨዋታዎቹ ሥዕል የላቸውም፤ ጥቁር ስክሪን ላይ ፊደልና ነጥብ ብቻ። አንዱ ጨዋታ ላይ እየበላ የሚረዝመው እባብ እንኳ የነጥብ ሰልፍ ነው። «ይሄን ደግሞ ማን ይጫወተዋል?» ብዬ ስቄበት ነው የተዋወቅነው። ሳቄን ሳይወደው አልቀረም፤ በማግስቱ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ።

በዓመቱ እንጋባ አለኝ። እሺታው አፌ ላይ ደርሶ ሳለ ግድግዳው ላይ የለጠፈው ወረቀት ዓይኔ ገባ። «የታወቁ ስህተቶች» ይላል። ከአራተኛ ክፍል ስላላለፍኩ ቀስ ብዬ ነው የማነበው። እባቡ በግራ ጥግ ሲታጠፍ ግድግዳውን አልፎ ይወጣል፤ ያገኘችው፦ ጨረቃ። የተሸነፈ ሰው እንዳሸነፈ ይቆጠርለታል፤ ያገኘችው፦ ጨረቃ። እስከ ታች ወረድኩ። አስራ አንድ ጊዜ ጨረቃ።

ማናት አልኩት። ሩቅ ያለች ተጫዋች ናት፣ መልኳንም አላውቀው፣ ስህተት ስታገኝ ትጽፍልኛለች አለ። ታዲያ ስህተቶቹን ለምን አልጠገንካቸውም ስለው ጊዜ አጥቼ ነው ብሎ አጉተመተመ። ዓይኑን ግን ከወረቀቱ አልነቀለም።

«ጨረቃህ ከግድግዳው ሳትወርድ ከእኔ መልስ አትጠብቅ» አልኩት።

ከዚያ ወዲያ በየምሳ ሰዓቱ እየገባሁ መጫወት ያዝኩ። እሷ ያገኘችውን ዓይነት ስህተት እኔ የማላገኝበት ምን ምክንያት አለ? ሁለት ወር ሙሉ እባቤ በየደቂቃው ሞተ። እሱ ከኋላዬ ቆሞ ሳቁን ይውጣል።

አንድ ሐሙስ በቃኝ አልኩ። ወደ ሥራዬ ልመለስ ብዬ እርጥብ ጨርቅ አነሳሁና ጨዋታው እንደተከፈተ ኪቦርዱን ከዳር እዳር ወለወልኩት። ሰባት ስምንት ቁልፍ አንድ ላይ ተጫነ። እባቡ ቀጥ አለ። ከዚያ ጭራውን አስቀድሞ፣ የበላውን አንድ በአንድ እየተፋ፣ ወደ ኋላ መሄድ ጀመረ።

ድገሚው አለኝ። ደገምኩት፤ እንደገና ተፋ። የተማረ ሰው ጨዋታ መሃል ኪቦርድ አይወለውልም፣ ለዚህ ነው እስከ ዛሬ ማንም ያላየው አለ። ይህን ሲል የሚያየው እኔን ነበር፤ ስክሪኑንም ወረቀቱንም ረስቷል።

እስክሪብቶ አነሳ። «ያገኘችው ማን ልበል?»

እርጥቡን ጨርቅ አስቀመጥኩ።

«ባለቤቴ በል።»

እንዳልኩት ጻፈ።

የጨረቃን አስራ አንዱንም በሳምንት ውስጥ ጠግኖ ከወረቀቱ አወጣቸው። ጊዜው ከየት መጣ ብዬ አልጠየቅኩትም። የእኔን ግን እንዳይነካ ከለከልኩት፤ ወረቀቱ ላይ ብቻውን አለ።